የአጋዘን ሥጋ የሚተርፈው ቃታ ከመሳቡ በፊት ነው

(ከኮሎምበስ፣ ኦሃዮ)



በዚህ ገጽ ላይ ከባድ ከባድ ጉዳዮችን ማንበብ ለለመደ ሰው የዛሬው ርእሴ ቀልድ ሊመስለው ይችላል። "ስንት የሚጻፍ ነገር እያለ ይኼ ሰውዬ ስለ አጋዘን ሥጋ ይጽፋል?" የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ይሁን። እኔ በሙያዬ ሜካኒካል መሐንዲስ ነኝ። ከ2015 ጀምሮ (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው) በየዓመቱ ኅዳር ሲገባደድ ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሼ ጫካ እገባለሁ። ወሬው ቀስ በቀስ ስለተሰማ ከዚሁ ከኮሎምበስም፣ ከሌላም ክፍለ ግዛት ስልክ የሚደውልልኝ ወገን በዝቷል። ጥያቄው ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ "አጋዘኗን ጣልናት፤ ስንገፍፋት ግን ግማሽ ሥጋዋ በልዞ፣ ደም ቋጥሮ አገኘነውና ጥለነው መጣን። ምን ብናደርግ ይሻላል?"

ለእያንዳንዱ በስልክ ከመመለስ አንዴ ጽፎ መገላገል ይሻላል ብዬ ነው ይህን የማቀርበው። መልሱን በአጭሩ ለሚፈልግ ሰው እንዲህ ነው፦ ሥጋውን የሚያድነው ቢላዋ አይደለም፤ ቃታ ከመሳቡ በፊት የሚወሰኑ ሦስት ነገሮች ናቸው። አረሩ በምን ፍጥነት ይሄዳል? የት ይመታል? ተኳሹስ "አሁንስ አልተኩስም" የሚለው መቼ ነው? ቀሪው ሁሉ ዝርዝር ነው። በዝርዝሩ ውስጥ ግን የልጆቻችንን ጤና የሚነካ ነገር ስላለበት እስከ መጨረሻው ታገሡኝ።

አንድ ነገር በቅድሚያ ላስገንዝብ። እዚህ "ዲር" የሚባለውን እንስሳ እኛ በልማድ አጋዘን እንለዋለን እንጂ የአገራችን አጋዘን ሌላ ነው። የእኛው ቀንዱን ዕድሜ ልኩን ተሸክሞ ይኖራል፤ የዚህ አገሩ ወንድ በየዓመቱ ጥሎ እንደገና ያበቅላል። ለመግባባት ያህል ግን በለመድነው ስም እቀጥላለሁ።

ከራሴ ውርደት ልጀምር

ኦሃዮ ለረጅም ዘመን አጋዘንን በራይፍል ማደን የማይፈቅድ ክፍለ ግዛት ነበር። የሚፈቀደው ድፍን አረር የሚተኩስ ሾትጋን፣ ከአፈሙዙ የሚጎርስ የባሩድ ጠመንጃ፣ ሽጉጥና ቀስት ነበር። በ2014 ግን ቀለሁ ቀጥ ያለ ጥይት የሚጎርሱ ጠመንጃዎች ተፈቀዱ። "ቀጥ ያለ" ማለት ምን ማለት ነው? አብዛኛው ዘመናዊ የጠመንጃ ጥይት ቀለሁ እንደ ቢራ ጠርሙስ አንገቱ ጋ ይጠብባል። ሰፊው ሆዱ ብዙ ባሩድ ይይዛል፣ ጠባቡ አንገቱ ቀጭን አረር ይይዛል፤ ስለዚህ አረሩ እጅግ ይፈጥናል፣ ሩቅም ይሄዳል። ቀጥ ያለው ቀለህ ግን ከታች እስከ ላይ እንደ ብርጭቆ ወጥ ነው፤ አረሩ ወፍራም፣ ፍጥነቱም መጠነኛ ይሆናል። ሜዳማ በሆነና መንደር በበዛበት አገር ሩቅ የማይሄድ አረር መመረጡ አያስገርምም።

በ2015 እኔም ፈቃዴን አውጥቼ፣ የአዳኞችን ትምህርት ወስጄ፣ 45-70 የሚባለውን ጥይት የሚጎርስ ጠመንጃ ገዛሁ። ለዚህ ጠመንጃ የሚሸጠው ጥይት ብዙ ዓይነት ነው። እኔም እንደማንኛውም ጀማሪ "ኃይለኛውን ስጠኝ" አልኩ። ኃይለኛውን ሰጠኝ።

የጠመንጃ አደን ሳምንት እዚህ የሚጀምረው ከታንክስጊቪንግ በኋላ ባለው ሰኞ ነው። ሊኪንግ ካውንቲ ውስጥ አንድ አዛውንት ገበሬ መሬታቸው ላይ እንዳድን በጽሑፍ ፈቅደውልኝ ነበር። ጎሕ ሲቀድ አንዲት እንስት ከ30 ሜትር ባልበለጠ ርቀት ላይ ቆመች። "ወርቹን ከመታሃት እዚያው ትወድቃለች" ተብዬ ስለነበር ወርቿ ላይ አነጣጥሬ ተኮስኩ። እውነትም እዚያው ወደቀች። ደስታዬ ግን እስክትገፈፍ ድረስ ነበር። ሁለቱም ወርቿ ጠቁሮ እንደ ጉበት ሆኗል፤ የአጥንት ስብርባሪ እስከ አንገቷ ተበትኗል፤ ደሙ በሥጋው ሽፋኖች መካከል ሰርጎ እስከ ሽንጧ መጀመሪያ ድረስ ዘልቋል። ሃያ ኪሎ ገደማ ንጹሕ ሥጋ ይወጣታል ከተባለች አጋዘን አሥራ ሁለት ኪሎ ይዤ ቤቴ ገባሁ። ገበሬው አይተው፣ "ልትበላት ነበር ወይስ ልትቀጣት?" አሉኝ።

የአደኑ ሳምንት ምንጊዜም በጾመ ነቢያት ውስጥ ነው የሚውለው፤ ጾሙ ኅዳር 15 ይገባልና። ስለዚህ ሥጋው በማቀዝቀዣ ሆኖ ገናን ይጠብቃል። በገና ዕለት ባለቤቴ ስታወጣው ከኛ ጋር የምትኖረው እናቴ አንዱን ቁራጭ አገላብጣ አየችና፣ "ልጄ፣ ይኼ የተደበደበ እንጂ የታረደ ሥጋ አይመስልም" አለች። አልቀመሰችም። ከዚያች ቀን በኋላ ነው ጉዳዩን እንደ መሐንዲስ መመርመር የጀመርኩት።

አንደኛ፦ ፍጥነት (ወይም የውጅግራ ትምህርት)

አባቶቻችን ዓድዋ ላይ ከያዟቸው ጠመንጃዎች መካከል ብዙው ውጅግራ ነበር። ውጅግራ በ1874 የወጣው የፈረንሳዩ ግራ ጠመንጃ ነው። አረሩ ወፍራም የ11 ሚሊ ሜትር እርሳስ ሲሆን 25 ግራም ይመዝናል፤ ከአፈሙዙ ሲወጣ ፍጥነቱ በሰከንድ 450 ሜትር ገደማ ነው። የእኔ ጠመንጃ የሚጎርሰው 45-70 ደግሞ የአሜሪካ ጦር በ1873 የተቀበለው ጥይት ነው። ሁለቱ እኩያሞች ናቸው ማለት ነው። ስሙም የድሮ ነው፤ 45 የአረሩ ውፍረት በኢንች መቶኛ፣ 70 ደግሞ በጥንቱ መስፈሪያ በግሬን የተለካ የጥቁር ባሩድ መጠን ነው። ኦሃዮ በ2014 የፈቀደው ነገር እንግዲህ በአመዛኙ የውጅግራን ዘመን ጥይት ነው ብል ብዙም አላጋነንኩም።

አሁን ትንሽ ፊዚክስ። የአንድ ተወርዋሪ ነገር ጉልበት የሚሰላው ግማሽ ክብደቱን በፍጥነቱ ስኩዌር በማባዛት ነው። ክብደት እጥፍ ቢሆን ጉልበቱ እጥፍ ይሆናል፤ ፍጥነት እጥፍ ቢሆን ግን አራት እጥፍ ይሆናል። በመጀመሪያው ዓመት የተኮስኩት "ኃይለኛ" ጥይት 21 ግራም አረር በሰከንድ 625 ሜትር የሚወረውር ነበር፤ ጉልበቱ 4,100 ጁል ያህል ነው። በሁለተኛው ዓመት ለዚያው ጠመንጃ የገዛሁት 26 ግራም አረር በሰከንድ 405 ሜትር የሚወረውር ነው፤ ጉልበቱ 2,150 ጁል ገደማ ነው። ጠመንጃው አንድ፣ ጉልበቱ ግን ግማሽ። በነገራችን ላይ ውጅግራ በዚሁ ስሌት 2,500 ጁል ገደማ ይደርሳል።

ውጤቱስ? ሁለተኛዋ አጋዘን ስድሳ እርምጃ ያህል ሮጣ ወደቀች። ስትገፈፍ የአረሩ መግቢያና መውጫ ሁለት ቀዳዳ፣ በዙሪያቸው አውራ ጣት የሚያህል የበለዘ ሥጋ፣ ሌላው ሁሉ ንጹሕ። ግማሹ ጉልበት አጋዘኗን ለመግደል በቂ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት የተረፈው ሁለት ሺሕ ጁል ታዲያ የት ሄደ? ከፊሉ ከአረሩ ጋር አልፎ ሄዷል፤ የቀረው ያረፈው ሥጋው ላይ ነው።

ምክንያቱ ይህ ነው። ሥጋ ሦስት አራተኛ ያህሉ ውኃ ነው። ኩሬ ውስጥ ድንጋይ ቀስ አድርጋችሁ ብትጥሉ ይሰጥማል፤ በኃይል ብትወረውሩት ውኃው ወደ ጎን ይፈነጠራል። ፈጣን አረርም ሥጋውን ወደ ጎን ይገፋውና ለቅጽበት ትልቅ ጉድጓድ ይከፍታል፤ ጉድጓዱ መልሶ ይዘጋል። ግፊቱ በሰከንድ ከ600 ሜትር ገደማ በላይ ሲሆን ግን ሥጋው ተለጥጦ ከመመለስ ይልቅ መቀደድ ይጀምራል። ጥቃቅን የደም ሥሮች ይበጠሳሉ፤ ደሙ ጡንቻን ከጡንቻ በሚለዩት ስስ ሽፋኖች መካከል እየሰረገ ሩቅ ይጓዛል። ያ ነው "በልዞ አገኘነው" የምትሉኝ። ብዙ ጊዜ በብዛት የበለዘው ከአረሩ መንገድ የራቀው ቦታ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

ርቀትም አለበት። አረር ከአፈሙዝ ሲወጣ ነው ከሁሉ የሚፈጥነው፤ እየራቀ ሲሄድ ይደክማል። በ30 ሜትር ላይ ያየሁትን ጉዳት ያው ጥይት በ150 ሜትር ላይ አያደርስም። ጫካ ውስጥ በቅርብ የሚያድን ሰው ፈጣን ጥይት መምረጡ እንግዲህ ለራሱ ኪሳራ ነው።

አንገተ ጠባብ ጥይት በሚፈቀድበት ክፍለ ግዛት ለምትኖሩም መርሁ አይለወጥም። ለምሳሌ 30-06 በሚባለው ጥይት የ9.7 ግራም አረር በሰከንድ 885 ሜትር ገደማ ሲወጣ የ11.7 ግራሙ 820 ሜትር ገደማ ይወጣል። በቅርብ የምትተኩሱ ከሆነ ከባዱንና ዘገምተኛውን ምረጡ። ጥይት በቀየራችሁ ቁጥር ግን ወደ ዒላማ ቦታ ሄዳችሁ ማነጣጠሪያውን እንደገና አስተካክሉ። እኔ 26 ግራሙን ስቀይር የመጀመሪያው ጥይቴ ከዒላማው ብዙ ዝቅ ብሎ ነው ያረፈው። ይህን ወረቀት ላይ ሳይሆን አጋዘን ላይ ባውቀው ኖሮ ፈርሷን ነበር የምበትነው።

ሁለተኛ፦ የት?

የቅርጫ ሥጋ የተከፋፈለ ሰው ሁሉ ብልቱን ያውቃል። ወርች፣ ጎድን፣ ሽንጥ፣ ጭቅና፣ ታፋ። ጥያቄው እንግዲህ ቀላል ነው፤ ከነዚህ ውስጥ ጥቂት ሥጋ ያለበት ግን ሞት የሚፈጥንበት ቦታ የቱ ነው? መልሱ ጎድን ነው። አጋዘን በጎኗ ስትቆም ከፊት እግሯ ጀርባ፣ ከደረቷ ሥር ወደ ላይ ሲለካ ከሰውነቷ ሲሶ ከፍታ ላይ ልብና ሳንባ ይገኛሉ። የቦታው ስፋት 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ አንድ መካከለኛ ሳህን እንደማለት። በዚያ በኩል የገባ አረር ሁለት ስስ የጎድን ግድግዳ ብቻ ነው የሚያበላሸው። በአጋዘን ጎድን ላይ ያለው ሥጋ ደግሞ እንደ በሬ አይደለም፤ ቢበላሽ የሚያስቆጭ አይደለም።

ሌላም ጥቅም አለው። ሳንባ ሲመታ ደሙ የሚፈሰው ወደ ደረት ጉድጓድና በቀዳዳው ወደ ውጭ ነው፤ ሥጋው ውስጥ አይቀርም። ከባድ አረር ወዲያ ማዶ በስቶ ስለሚወጣ ሁለት ቀዳዳ ይሆናል፤ የደሙን ዱካ ለመከተልም ይመቻል። "ግን እኮ ትሮጣለች" ይሉኛል። አዎን፣ አብዛኛውን ጊዜ ሃምሳ መቶ እርምጃ ትሮጣለች። ሃምሳ እርምጃ ተከትሎ መሄድ ይሻላል ወይስ ሁለት ወርች መጣል? የወርች አጥንት ሲሰበር ስብርባሪው ራሱ እንደ አረር እየሆነ ሥጋውን ይበሳል። እኔ ላይ የደረሰው ይኸው ነው።

አጋዘኗ ዞር ብላ በሰያፍ ከአንተ ርቃ የምትሄድ ከሆነ ደግሞ አረሩ ወዲያኛው ወርች ጋ እንዲወጣ አስበህ ከጎድኗ መጨረሻ ትንሽ ቀደም ብሎ ማነጣጠር ይቻላል፤ ምናልባት አንድ ወርች ትከስር ይሆናል። ፊት ለፊት ካየችህ፣ ጀርባዋን ከሰጠችህ፣ ወይም ወደ አንተ በሰያፍ ከቆመች ግን ተው። በፊት ለፊት የገባ አረር ጨጓራ ጋ ሊደርስ ይችላል። ከኋላ የገባ ደግሞ ታፋዋን፣ ማለትም ከሁሉ የበዛውን ሥጋ አጥፍቶ አንጀት ውስጥ ይገባል። ፈርስ ሥጋ ላይ ከፈሰሰ ጉዳቱ ከመበለዝ ይብሳል፤ ሽታውን ምንም በርበሬ አይመልሰውም። ጭንቅላትና አንገት ላይ መተኮስ ሥጋ እንደሚያተርፍ የሚመክሩ አሉ። በስሌት ልክ ነው። ነገር ግን ቦታው ጠባብ ነው፤ እንስሳዋም ከሁሉ ይልቅ የምታንቀሳቅሰው አንገቷን ነው። ትንሽ የሳተ አረር መንጋጋ ሰብሮ በረሃብ እንድትሞት ያደርጋታል። ሥጋ አተርፋለሁ ብሎ ነፍስ ማሰቃየት የኛ ደንብ አይደለም።

ሦስተኛ፦ አልተኩስም ማለት

ከሦስቱ ይህ ነው ከባዱ፤ መሣሪያ ቤት የማይሸጥ ነገር ነውና። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ የሥጋ ብልሽት ሁሉ መነሻው ጥድፊያ ነው። ሰው ፈቃድ ለምኖ፣ ነዳጅ አቃጥሎ፣ ብርድ ላይ አራት ሰዓት ተቀምጦ ባዶ እጁን መመለስ ይከብደዋል። ስለዚህ የምትሮጠውን ይተኩሳል፤ ቅርንጫፍ የጋረዳትን ይተኩሳል፤ ያልለካውን ርቀት "ቅርብ ነው" እያለ ይተኩሳል።

እኔ ለራሴ ያወጣሁት ሕግ አለ። ጠመንጃው ዛፍ ወይም መደገፊያ ላይ ካላረፈ አልተኩስም። ከ80 ያርድ ካለፈ አልተኩስም። የቆመች ካልሆነችና ጎኗን ካልሰጠችኝ አልተኩስም። ከጀርባዋ ምን እንዳለ ካላየሁ አልተኩስም። በ2019 ቀንዱ እንደ ዋርካ የተንሰራፋ ወንድ 40 ያርድ ላይ ፊት ለፊት ቆሞ ሲያየኝ ልቤ እንደ ከበሮ ሲመታ ትዝ ይለኛል። ጎኑን ሳይሰጠኝ ሄደ። በዚያ ዓመት ባዶ እጄን ነው የገባሁት፤ ልጆቼም ሲስቁብኝ ከረሙ። አሁንም አይቆጨኝም። ፊት ለፊት ተኩሼው ቢሆን ኖሮ ቀንዱን ግድግዳ ላይ እሰቅል ይሆናል፤ ሥጋውን ግን ግማሹን እቀብር ነበር።

በተጨማሪ ደግሞ ተረጋግታ ስትግጥ የተመታች አጋዘን ሥጋዋ የተሻለ ነው። ስትባረር የቆየች ወይም ቆስላ ለረጅም ሰዓት የሮጠች እንስሳ በጡንቻዋ ውስጥ ያከማቸችውን ስኳር ትጨርሳለች። ከሞት በኋላ ሥጋን ለስላሳና ለመቆየት የሚበቃ የሚያደርገው አሲድ የሚሠራው ከዚያ ስኳር ነው። እሱ ካለቀ ሥጋው ይጠቁራል፣ ይደርቃል፣ ፈጥኖም ይበላሻል።

ከወደቀች በኋላ

እዚህ ላይ አጠር ላድርግ። ከተኮሳችሁ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ታገሡ፤ ወዲያው ብትከተሏት ተነሥታ ትሮጣለች። ስታገኟት የሆድ ዕቃዋን ቶሎ አውጡ፤ ቢላዋውን ስለቱን ወደ ላይ አድርጋችሁ ቆዳውን ብቻ ቅደዱ፣ ፊኛና አንጀት እንዳይበሳ። ሥጋ የሚያበላሸው ሙቀት ነው። የኮሎምበስ ኅዳር ብዙ ጊዜ ያግዛል፤ ሞቅ ያለ ቀን ከሆነ ግን በረዶ በላስቲክ አድርጋችሁ ደረቷ ውስጥ ክተቱ። በሕጉ በተወሰነው ጊዜ ውስጥ ማስመዝገብም አትርሱ። አሁን አሁን ደግሞ አጋዘኖችን የሚያመነምን የአንጎል በሽታ አለ፤ በኦሃዮ የዱር አጋዘን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘው በ2020 ዋያንዶት ካውንቲ ነው። በዚያ አካባቢ የምታድኑ ከሆነ ሳትበሉ አስመርምሩ።

የበለዘውን ሥጋ በልግስና ቆርጣችሁ ጣሉ። "ትንሽ ነው፣ ሲፈጭ አይታወቅም" ማለት ከሁሉ የከፋው ስሕተት ነው። ለምን እንደሆነ ቀጥዬ እናገራለሁ።

ስለ እርሳስና ስለ ልጆቻችን

ብዙው የአደን አረር እስከ ዛሬ እርሳስ ነው፤ በስስ መዳብ የተሸፈነ። ፈጣን አረር አጥንት ሲመታ እርሳሱ እንደ ዱቄት ይበተናል። ብዙው ቅንጣት በዓይን አይታይም፣ በጥርስም አይታወቅም። በ2008 ሰሜን ዳኮታ ውስጥ ለችግረኞች ከተለገሰ የአጋዘን ሥጋ ውስጥ እርሳስ በራጅ ስለታየ ሥጋው እንዲጣል ተደርጎ ነበር። በ2009 የታተመ አንድ ጥናት ደግሞ በጠመንጃ የተገደሉ 30 አጋዘኖችን ሥጋ፣ በሥጋ አዘጋጆች ተፈጭቶ ከታሸገ በኋላ፣ በራጅ መርምሮ ነበር። ከ30ዎቹ የ24ቱ ሥጋ ቢያንስ በአንዱ እሽግ ውስጥ የብረት ቅንጣት ተገኝቶበታል። ተመራማሪዎቹ ያንን ሥጋ ለአሳማዎች አብልተው እርሳሱ ወደ ደማቸው እንደሚገባም አሳይተዋል።

ይህ ለኛ ከሌላው የበለጠ ያሳስባል። እኛ ሥጋ እንፈጫለን፣ እንከትፋለን። መፍጨት ደግሞ በአንድ ጥግ የነበረውን ቅንጣት በጠቅላላው ሥጋ ላይ ይበትነዋል። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በልጆች ደም ውስጥ ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን አልታወቀም ይላል። እርሳስ የሚጎዳው አእምሮን ነው። እኛ ለልጆቻችን ትምህርት ስንል ሁለትና ሦስት ሥራ የምንሠራ ሰዎች በገዛ እጃችን ሳናውቅ ይህንን ብናበላቸው ምን ይባላል? ነፍሰ ጡር ሴቶችም እንዲሁ መጠንቀቅ አለባቸው።

መፍትሔው አለ። ሙሉ በሙሉ ከመዳብ የተሠራ አረር ከ1989 ጀምሮ በገበያ ላይ ነው። ጫፉ እንደ አበባ ይከፈታል እንጂ አይበተንም። እኔ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ወደ እሱ ዞሬያለሁ። እንደ መሐንዲስ እውነቱን መናገር አለብኝ፦ መዳብ ከእርሳስ ይቀላል፤ እንዲከፈትም ፍጥነት ይፈልጋል። የኔው 19 ግራም ሲሆን በሰከንድ 580 ሜትር ይሄዳል። ስለዚህ ከዘገምተኛው 26 ግራም እርሳስ ይልቅ ትንሽ ሰፋ አድርጎ ያበልዛል። በጎድን በኩል ካለፈ ግን ኪሳራው ኢምንት ነው፤ በለውጡ እርሳስ አልባ ሥጋ አገኛለሁ። ዋጋውም ወደድ ይላል። በዓመት ለአደን የምተኩሰው አንድ ወይም ሁለት ጥይት ስለሆነ ይህን ልዩነት ከአንድ ቡና ዋጋ አስበልጬ አላየውም።

በእርሳስ የምትቀጥሉ ደግሞ ዘገምተኛውን ምረጡ፣ አጥንት አትምቱ፣ በአረሩ መንገድ ዙሪያ ያለውን ሥጋ ሰፋ አድርጋችሁ ጣሉ፣ ውኃ አታፍስሱበት፤ ውኃ ቅንጣቱን ወደ ንጹሑ ሥጋ ያሰራጨዋል። ለሥጋ አዘጋጅ የምትሰጡ ከሆነም አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ "የኔን ለብቻው ነው የምትፈጩት ወይስ ከሌላው ጋር ትቀላቅሉታላችሁ?" እኔ አንድ ዓመት ሳልጠይቅ ሰጥቼ የማን እንደሆነ የማላውቀውን ሥጋ ነው ይዤ የገባሁት። ከዚያ ወዲህ በራሴ ጋራዥ፣ በራሴ ቢላዋ ነው።

"በክት አይደለም ወይ?"

ይህ ጥያቄ በየቤቱ እንዳለ አውቃለሁ፤ እኔም ቤት አለ። የሃይማኖቱን መልስ መስጠት የኔ ድርሻ አይደለም። ክርስቲያኑ የንስሐ አባቱን፣ ሙስሊሙም ዓሊሙን ይጠይቅ። አልበላም የሚለውንም ሰው ማክበር ነው እንጂ "ፈረንጅ ሁሉ ይበላው የለም" እያሉ መሟገት አይገባም። እኔ ልናገር የምችለው ስለ ደሙ ነው። በሳንባዋ የተመታች አጋዘን ደሟ ፈስሶ ያልቃል፤ ወርቿ የተሰበረ ግን ደሟ ሥጋዋ ውስጥ ይቀራል። እናቴ ያን ዕለት በዓይኗ ያየችው ልዩነት ይኸው ነበር።

ጥሬ ሥጋና ለብለብ ክትፎ ለምትወዱ ደግሞ፦ ከአጋዘን ላይ አይሆንም። የዱር እንስሳ በቄራ ሐኪም አልታየም፤ ጥገኛ ትላትልም ባክቴሪያም ሊኖርበት ይችላል፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ መክረሙ ሁሉንም አይገድልም። የተፈጨው ውስጡ 71 ዲግሪ ሴልሺየስ እስኪደርስ ይብሰል። ስብ ስለሌለው ቅቤውን በርከት አድርጉለት፤ ጥብሱ ያኔ ይጥማል።

ሌላው ቅርጫ ነው። ሥጋውን ለወዳጅ ዘመድ መስጠት ይቻላል፤ መሸጥ ግን በሕግ ክልክል ነው። ምክንያትም አለው። ለገበያ ሲታደንና ደኑ ሲመነጠር ኖሮ አጋዘን ከኦሃዮ በ1904 ገደማ ጨርሶ ጠፍቶ ነበር። ተመልሶ ተራብቶ፣ በ1943 በሦስት ካውንቲዎች ብቻ አደን ተፈቀደ። ዛሬ በአንድ የአደን ወቅት 200,000 ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይታደናል፤ አልጠፋምም። ሕግ ሲከበር የጠፋ ነገር እንደሚመለስ ከዚህ የተሻለ ምስክር አላየሁም። ስለዚህ በገና ሥጋውን ለጎረቤት ስታካፍሉ ገንዘብ አትቀበሉ።

ለማጠቃለል ያህል

ባለፈው ገና ባለቤቴ አንድ ወርች ከማቀዝቀዣ አውጥታ ጠረጴዛ ላይ አኖረችው። እናቴ እንደ ልማዷ አገላብጣ አየችው፤ ቀይ፣ ጥርት ያለ፣ አንድም የበለዘ ቦታ የሌለው። ቢላዋውን ከባለቤቴ እጅ ተቀብላ ራሷ ዘለዘለችው፤ ሽንኩርቱንም ራሷ አቁላላችው። እሷ ግን ዛሬም አትበላም፤ "ለእናንተ በረከት ይሁን" ብላ ዶሮ ወጧን ነው የበላችው። ልጆቼ ግን ድስቱን ጠረጉት። እኔም ያለ ስጋት አየኋቸው። በዚያ ሥጋ ውስጥ እርሳስ እንደሌለ፣ የተጣለ ሥጋም እንደሌለ አውቃለሁ።

እንስሳዋ ነፍሷን ሰጥታለች። ከኛ የሚጠበቀው ሥጋዋን አለማባከን ነው፤ ይህም የሚወሰነው ቢላዋ ከመሳሉ በፊት ነው። ቀስ የሚል አረር፣ ጎድን ላይ፣ ካልሆነም ባዶ እጅ መመለስ።

ቸር ይግጠመን።